«ጥሎን ሄደ» በይ

ጃንዋሪ 2፣ እሑድ

ትናንት ከቅዳሴ በኋላ በእመቤታችን ሥዕል ፊት ተንበርክኬ ማልኩ። እስከ ዲሴምበር፣ እስከ ጓዳሉፔ እመቤታችን በዓል ድረስ አረቄ የለም፣ ቢራ የለም፣ ቴኪላ የለም። ቄሱ ስሜን ትንሽ ካርድ ላይ ጽፈው ባርከው ሰጡኝ፤ ኪሴ ውስጥ ነው። «ጥሙ ሲነሣብህ እጅህን ሥራ አስይዘው፤ ሥራ ከሌለ ደግሞ ጻፍ» አሉኝ። ይኸው ልጄ ኖኤሚ አምና የጀመረችውን ደብተር አንሥቼ እጽፋለሁ። የፊተኞቹን ገጾች በላምና በዶሮ ሥዕል ሞልታቸዋለች።

ፑልኬን ከመሐላው አስወጥቼዋለሁ። ቄሱም አልተቃወሙም፤ እዚህ አገር ሁሉም እንደዚያ ነው የሚምለው። ፑልኬ መጠጥ አይደለም፣ ምግብ ነው፤ አባቴ «ሥጋ ለመሆን አንድ ጣት ነው የቀረው» ይሉ ነበር። ደግሞስ እሬት የመሰለውን የማጌይ ተክል ልብ ጠዋትና ማታ የምፍቅ እኔ፣ ጣፋጩን ውሃ በረጅም ቅል መጥጬ የምቀዳ እኔ፣ የምጠምቀው እኔ፣ እንዴት አልቅመስ? ጠማቂው ያልቀመሰውን ፑልኬ ማን ይገዛዋል?

ሚስቴ ደልፊና ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆማ ስትጠብቀኝ ነበር። ካርዱን አሳየኋት። «ፑልኬ ሲቀር» የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበበችው መሰለኝ። ካርዱን መለሰችልኝ። የቀኝ እጇ አንጓ እስካሁን በጨርቅ እንደተጠቀለለ ነው። የገና ማግሥት ደረጃው ላይ ወድቃ ነው። ደረጃችን አንድ እርከን ብቻ ነው ያለው፤ ሰው ግን የሚወድቅበትን አይመርጥም።

ጃንዋሪ 9፣ እሑድ

ደልፊና ከተማ ካለው የሥራ ቢሮ ተመለሰች። የአክስቷ ልጅ አምና ካናዳ ሄዳ እንጆሪ ስትለቅም ከርማ ለእናቷ የጋዝ ምድጃ ከገዛች ወዲህ መንደሩ ሌላ ወሬ የለውም። ወንዶች ከድሮም ይሄዳሉ፤ አሁን ሴትም ይወስዳሉ። በሕጋዊ ቪዛ፣ በአውሮፕላን፣ ለስድስት ወር፤ ወቅቱ ሲያልቅ ወደ ቤት።

ሌላውን መንገድ ሁሉ አንድ በአንድ አውርተነዋል። በረሃውን አቋርጦ ሰሜን መግባት አለ፤ የአበልጄ የሴቬሮ ታናሽ ወንድም በዚያ ከሄደ ሦስት ፋሲካ አለፈ፣ ድምፁ የለም። አንድ ደላላ ደግሞ ለሰሜን የወቅት ሥራ ወረቀት አወጣለሁ እያለ ይዞራል፤ አምና ከሰው ሰብስቦ ተሰወረ፣ ዘንድሮ ጢሙን ተላጭቶ ተመለሰ። እኔም ራሴ ለካናዳው ተመዝግቤ ነበር። ምርመራ ላይ አንድ ለጋ ሐኪም ከጎድኔ በታች በጣቱ ጫን ጫን አድርጎ መለሰኝ። የእናቱ ወተት ከአፉ ያልደረቀ ልጅ ስለ ጉበት ምን ያውቃል።

ለሴት ግን አንድ ነገር ይጠይቃሉ። ልጅ ያላት፣ ባል የሌላት መሆን አለባት፤ ወይ የሞተባት ወይ ጥሏት የሄደ። ልጇ እዚህ እያለች እዚያ አትቀርም ብለው ነው፣ ላሚቱን በጥጃዋ እንደማሰር ያለ ነገር። ደልፊና ይኼን ስትነግረኝ አንገቷን ደፍታ ነበር። በቃ አለቀ አለች። ጣሪያው ከኖኤሚ አልጋ በላይ እንዳንጠባጠበ፣ የልጅቱም ደረት ዝናብ በመጣ ቁጥር እንደታፈነ ይቀራል አለች።

ሐሳቡ የኔ ነው። ይኼ ይጻፍልኝ። መዝገብ ቤት ሄደን አልተጋባን፣ በወረቀት ማን ያውቀኛል፤ ጥሎኝ ሄደ በያ አልኳት። የመንደሩ ሹም ደብዳቤ ይጽፋል፣ ሁለት ምስክር ይፈርማል፣ አለቀ። ቀና ብላ ብዙ አየችኝ።

«አንተ ነህ ያልከው፣ ፊዴ» አለች።

እንዴት ያለ ጭንቅላት አለኝ ብዬ ሳቅሁ።

ጃንዋሪ 13፣ ሐሙስ

እናቴ ቤት ገባሁ። ብርድ ልብስ፣ መፋቂያ፣ ቅል፣ ሁለት ሱሪ። እናቴ «አባረረችህ» አለች። ለወረቀቱ ነው፣ የማስመሰል ነው ብዬ አስረዳኋት። ለማስመሰል ከሆነ ካፖርትህን ለምን ይዘህ መጣህ አለችኝ። እኔ አይደለሁም፤ ጓዜን የሸከፈችው ደልፊና ናት።

ጃንዋሪ 22፣ ቅዳሜ

ኖኤሚን አስጠናኋት። ከቢሮው ሰው መጥቶ ቤቱን ሊያይ ይችላል ይላሉ፤ ሕፃን ደግሞ አንደበቷ አይታመንም። ገና ሰባት ዓመቷ ነው። ማሳው ውስጥ ድንጋይ ላይ አስቀምጬ «አባትሽ የት ነው?» ስላት በጣቷ እኔን አሳየችና ከት ብላ ሳቀች። እንደገና። እንደገና። ሲመሽ ገደማ ገባት። «አባቴ ጥሎን ሄደ።» መጨረሻዋ ላይ አንገትሽን ትንሽ ደፋ አድርጊ፣ ያኔ ሰው ያምናል አልኳት። ስታሳምረው የሁመር ከረሜላ ሰጠኋት። ከዚያ በኋላ ሳልጠይቃት ራሷ እያለችው መዳፏን ትዘረጋለች። ሦስት ከረሜላ በላችብኝ፣ የሰይጣን ቁራጭ።

እንደ እኔ ነው ቶሎ የሚገባት።

ፌብሩዋሪ 2፣ ረቡዕ

ዛሬ የሻማ በዓል ነው፤ ሁሉም ዘመዱ ቤት ተሰብስቦ ታማሌ፣ በቅጠል ተጠቅልሎ የበሰለ የበቆሎ ሊጥ፣ ይበላል። ታማሌ እየቀቀሉ ገበያ የሚሸጡት አማቴ ዶኛ ቶማሳ ናቸው፤ ከእሳቸው የሚበልጥ እዚህ አካባቢ የለም። እኔ አልሄድኩም፤ «ሄጃለሁ» አይደል? ሴቬሮ በበቆሎ ቅጠል ጠቅልሎ ሁለት አመጣልኝ። ማን ላከው ብለው ማንም አለኝ።

ፑልኬ ቤት ውስጥ «ሟቹ» የሚል ስም አውጥተውልኛል። ሟቹ መጣ፣ ለሟቹ ቅዱለት። እስቃለሁ። ምን ላድርግ።

ሳቁ ግን ሌላም ነገር አመጣ። ሹሙ ደብዳቤውን አልፈርምም ብሏል። ፊደንሲዮ ሲመሽ በጓሮ ይገባል፣ ሁላችንም እናውቃለን፣ እኔ በሐሰት ፈርሜ ማኅተሜን አላስነጥቅም አለ አሉ። እውነት ነው፣ ገብቻለሁ። ሁለት ጊዜ ብቻ። ሁለተኛው ላይ በሩ ከውስጥ ተቀርቅሮ ነበር። ጥንቃቄ ነው፣ ትክክል አድርጋለች።

ፌብሩዋሪ 9፣ ረቡዕ

ከደልፊና ጋር ማጌዮቹ መሐል ተገናኘን። ሰው የሚያምነው ዓይኑ ያየውን ነው፤ ስለዚህ እንጣላለን። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ገበያው መሐል፣ ሹሙ ባለበት። ቃሉን ተከፋፈልን። እኔ «ሌላ ሴት አለችኝ፣ ከእንግዲህ አታገኚኝም» እላለሁ። እሷ «ሂድ፣ አትመለስ» እያለች ትጮሃለች። ሞክሪው አልኳት፤ ሳትሳሳት በአንድ ጊዜ አለችው።

ከዚያ ሁለት ነገር ለመነችኝ። የእናቴን የታማሌ ዕቃ እንዳትነካ፣ ደግሞም ሳትጠጣ ና አለችኝ። የማለ ሰው እኮ ነኝ አልኳት። እሱን ተወው አለችኝ።

ፌብሩዋሪ 13፣ እሑድ

ሆነ። ሁሉም አመነ። 

ሁለት ጽዋ ቀምሼ ነበር የሄድኩት። ሁለት ነው መሰለኝ። ሰው ፊት ቆሞ ለመጮህ ድፍረት ያስፈልጋል፣ እኔ ደግሞ በተፈጥሮዬ ዓይነ አፋር ነኝ። ደልፊና ከእናቷ ጋር ከታማሌው እንስራ ኋላ ቆማለች። የተባለውን አልኩ፣ ሌላ ሴት አለችኝ አልኩ። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበር። ከዚያ ከኋላዬ አንዱ «ሟቹ ሴት አገኘ፣ ማን ትሆን ዓይነ ስውሯ» አለና ገበያው ሁሉ ሳቀ። ሳቁ እላዬ ላይ ነደደ። ከዚህ በኋላ ያልተስማማንበት ቃል ወጣኝ። የሞተውን ልጃችንን አነሣሁ። ወንድ ልጄን እንኳ በሆድሽ መያዝ ያልቻልሽ አልኳት። እንስራውንም በእግሬ መታሁት። ተገለበጠ። ታማሌው መሬት ላይ ተበተነ፣ ውሾቹ ገቡበት፣ እንፋሎቱ ዶኛ ቶማሳን እግራቸውን ለበለባቸው።

ኖኤሚ እዚያ መኖር አልነበረባትም። ከእንስራው ኋላ ቁጭ ብላ ነበር። አላለቀሰችም፣ አየችኝ።

ደልፊና መጮህ ነበረባት፤ ስምምነታችን በጩኸት ነው። አልጮኸችም። ከአጠገቧ ያለሁት እኔ ብቻ እስክሰማት ድረስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሂድ። አትመለስ» አለችኝ። እኔም እንደተባለው ሄድኩ።

ሲመሽ ማጌዮቹ ጋ ጠበቅኋት። እንዴት እንዳሳመርነው እንስቃለን ብዬ ነበር። አልመጣችም። እግራቸው የተለበለበውን እናቷን እያሻሸች ይሆናል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ ግን እኮ የማስመሰል ነበር። የማስመሰል መሆኑን እሷ ታውቃለች። ከሰው ሁሉ እሷ ታውቃለች።

ፌብሩዋሪ 15፣ ማክሰኞ

ሹሙ ፈርሟል። ማኅተም ያለው ደብዳቤ።

አንደኛው ምስክር ሴቬሮ ነው። ልጄን ክርስትና ያነሣ፣ የገዛ አበልጄ። መንገድ ላይ አግኝቼ ትከሻውን መታ አድርጌ ጎበዝ ውሸታም ወጣህ አልኩት። እጄን ከትከሻው ላይ በቀስታ አወረደው።

«እኔ በሐሰት አልፈረምኩም፣ አበልጄ» አለኝ።

ፌብሩዋሪ 21፣ ሰኞ

ፋቅሁ። ቀዳሁ። ጠመቅሁ። ኖኤሚን ከሩቅ አየኋት፣ ትምህርት ቤት ስትሄድ። ጠራኋት። እናቴ ሰው ፊት እንዳታናግሪው ብላኛለች አለች። ልክ ነው። ጎበዝ።

ማርች 7፣ ማክሰኞ

የካርኒቫል መጨረሻ። ጭምብል አድርጌ ከጨፋሪዎቹ ጋር ገባሁ፤ ነጭ ፊት፣ ቀይ ጉንጭ፣ ላባ ያለው ባርኔጣ፤ እንኳን ሌላ ሰው እናቴም አታውቀኝ። በየቤቱ ደጃፍ እየጨፈርን እኛ ቤት ደረስን። እኛ ቤት፣ ማለቴ ደልፊና ቤት። ከወጣሁ ወዲህ የፊት ደጁን በቀን ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። በሩ አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ማን ቀባው?

ኖኤሚ ወጥታ አጨበጨበች። እጇን ይዤ አዞርኳት። በደስታ ስትጮህ ሰማሁ፤ እኔ መሆኔን አላወቀችም። ከጭምብሉ ውስጥ አለቀስኩ፣ ይኼን ለማንም አልናገርም። ደልፊና መጥታ ልጅቱን ከእጄ ወሰደቻት። ጎንበስ ብላ በጆሮዬ «ጠረንህ ጭምብል የለውም» አለችኝ።

ካርኒቫል ነው እኮ። ማን አልጠጣም? እኔ ግን ፑልኬ ብቻ ነው። መሐላዬን አልነካሁም። ካርዱ ኪሴ ነው፤ አሁንም አውጥቼ አየሁት።

ማርች 23፣ ሐሙስ

ለሐኪም ምርመራ ሜክሲኮ ከተማ ሄዳ ተመለሰች። ወሬውን ያመጣችልኝ እናቴ ናት፤ እናቴ ደግሞ ከወፍጮ ቤት ነው የሰማችው። የራሴን ሚስት ወሬ ከወፍጮ ቤት! ሐኪሙ አንጓዋን አዟዙሮ አይቶ እንጆሪ በጣት የሚቀነጠስ ነው፣ ይህ እጅ እንዴት ሆነ አላት አሉ። ወደቅሁ አለችው። ብረት አስጨበጣት። እያመማት ጨበጠች፣ ፊቷን ሳታጠቁር። አለፈች።

ደስ ብሎኛል። ለምን እንቅልፍ እንዳልወሰደኝ አላውቅም። ቢመልሷት ኖሮ እኔም ቤቴ እገባ ነበር። ይኼን ማሰብ ኃጢአት ነው። ጣሪያው አለ፣ የልጅቱ ደረት አለ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ ብረቱ ከእጇ እንዲወድቅ ተመኝቻለሁ።

ኤፕሪል 14፣ ዓርብ

ቪዛው ተመታላት። አንድ ነገር ግን አናደደኝ። እናት ስትሄድ ልጅቱ በማን እጅ እንደምትቀር በወረቀት ማስፈረም ግድ ነው፤ ያስፈረመችው በዶኛ ቶማሳ ስም ነው። እኔ ደግሞ ደልፊና ስትሄድ ቤቴ እገባለሁ፣ ከልጄ ጋር እሆናለሁ ብዬ ቀን ስቆጥር ነበር። የማጌዩን ልብ የከደነውን ድንጋይ አንሥቼ እየቀዳሁ፣ እየፋቅሁ፣ እሱን ብቻ ሳስብ ነው የከረምኩት።

ወፍጮ ቤት መንገድ ላይ ጠብቄ አስቆምኳት። በቆሎ ተሸክማለች፣ በግራ እጇ። ልጄን ለእናትሽ ሰጠሻት ወይ አልኳት። ድምፅህን ቀንስ አለች። ከዚያ እንደ ደከመው ሰው «የሌለ አባት እንዴት ብሎ ይፈርማል፣ ፊዴ?» አለችኝ።

 እውነቷን ነው፣ በወረቀት የለሁም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ግን ስትመለስ ሁሉም ይስተካከላል። ስድስት ወር ምን አላት።

ኤፕሪል 25፣ ማክሰኞ

ፋሲካ ባለፈ በሁለተኛው ቀን ሄደች። አውቶቡሱ ገና ጎህ ሳይቀድ ነው የሚነሣው። የሚሄዱት ሴቶች አምስት ናቸው፤ ዘመድ ከቧቸው ይላቀሳል፣ ይባርካል። ከከተማው ቢሮ የመጣች አንዲት ወጣት ስም ትጠራለች። እኔ ከፑልኬ ቤቱ ግድግዳ ኋላ ቆምኩ። ልሰናበታት ብወጣ ሁሉም ነገር ገደል ይገባል።

ኖኤሚ የእናቷን ሻርፕ ይዛ አልለቅም አለች። ዶኛ ቶማሳ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቁ። ደልፊና ስትሳፈር ወደ እኔ አቅጣጫ ያየች መሰለኝ። እጄን አነሣሁ። ጨለማ ነበር፣ ላታየኝም ትችላለች።

ከዚያ ማሳ ወርጄ ፋቅሁ። ማጌይ የሰው ኀዘን አያውቅም፤ አንድ ቀን ካልፋቁት ይዘጋል።

ሜይ 7፣ እሑድ

መንደሩ ውስጥ ያለው ስልክ አንድ ነው፣ ዶን ቻኖ ሱቅ። ስልክ ሲመጣ ዶን ቻኖ ጣሪያው ላይ በሰቀሉት ድምፅ ማጉያ ይጠራሉ። እሑድ እሑድ ከካናዳ ይደወላል። ዛሬ «ዶኛ ቶማሳ ከነልጅቱ፣ ዶኛ ቶማሳ ከነልጅቱ፣ ስልክ ይፈልጋችኋል» ብለው ተራራው እስኪያስተጋባ ጠሩ። እኔ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብያለሁ፤ እዚያ መቀመጥ ማንም አይከለክለኝም። አማቴ በአጠገቤ እያነከሱ አለፉ። እንዴት ዋሉ አልኳቸው። ፊታቸውን አዞሩብኝ። ያ የእንፋሎቱ እግር እስካሁን አልዳነም።

ኖኤሚ ስትወጣ እየሳቀች ነው። እዚያ ቅዝቃዜ አለ፣ እንጆሪው ግን ጡጫ ያክላል አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለአያቷ።

ሜይ 10፣ ረቡዕ

የእናቶች ቀን። ልጆቹ ትምህርት ቤት ግጥም አነበቡ። ኖኤሚ ለአያቷ አነበበች አሉ። እንድሄድ የነገረኝ የለም።

ጠጣሁ። ፑልኬ።

ሜይ 21፣ እሑድ

አግዳሚው ላይ። ስሜ አልተጠራም።

ሜይ 28፣ እሑድ

ዛሬ ተጠራሁ።

«ፊደንሲዮ፣ ፊደንሲዮ የዶኛ ሉስ ልጅ፣ ስልክ ይፈልግሃል» አሉ ዶን ቻኖ በማጉያው። አግዳሚው ላይ ከፊታቸው ተቀምጬ በማጉያ ጠሩኝ፤ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ነው መሰለኝ። ፑልኬ ቤት ያሉት ወጥተው «ሟቹ ተነሣ!» እያሉ አጨበጨቡ። ገብቼ ስልኩን አነሣሁ።

«ፊዴ» አለች። ድምፅዋ ቅርብ ነው። ምን እንደምል ጠፋኝና እዚያ ስንት ሰዓት ነው አልኳት። ነገረችኝ። አሠሪው ወዶኛል፣ ለሚመጣውም ዓመት በስሜ ሊጠራኝ ነው አለች። ደስ ይላል፣ ስትመለሺ ጣሪያውን እኔ ራሴ እሠራዋለሁ አልኳት።

«ፊዴ፣ ስማኝ። ቢሮ ውስጥ የምትመዘግበው ሴትዮ ባልሽ ከልቡ ነው ወይ ጥሎሽ የሄደው ስትለኝ አለቀስኩ።»

ጎበዝ፣ ጥሩ አድርገሻል አልኳት። ምን ዓይነት ደደብ ነኝ።

«አልገባህም። ስገባ ልዋሽ ነበር የገባሁት። አፌን ስከፍት ግን ውሸት የሚሆን ነገር አጣሁ። የት ነው የሄደው ስትለኝ መልሱን አውቀው ነበር፤ ከሄደ ቆይቷል አልኳት።»

የገበያውን ቃል ይቅር በይኝ አልኳት። እሱ አይደለም አለች፣ እሱ የመጨረሻው ነው።  ከበስተኋላዋ ሴቶች ሲሳሳቁ ይሰማል፣ ሳህን ሲንኳኳ። እጇ እንዴት እንደሆነ ጠየቅኋት። ጠዋት ጠዋት ሲቀዘቅዝ ይይዘኛል አለች።

«ስመለስ ቤት እንዳላገኝህ፤ እናትህ ጋ ሁን። ልጅቱን ማየት ትችላለህ፣ ለእናቴ ነግሬያቸዋለሁ። በቀን። ሳትጠጣ።»

«መሐላ ላይ ነኝ እኮ፣ ደልፊና።»

«አውቃለሁ» አለች። «ፑልኬ ሲቀር።»

ስወጣ ምን አለችህ ብለው ከበቡኝ። ሰላም ብላችኋለች አልኳቸው። ዶን ቻኖ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አንሥተው የሱቁን መስኮት ማጽዳት ጀመሩ።

ሜይ 29፣ ሰኞ

አልፋቅሁም።

ደረጃው አንድ እርከን ብቻ ነው። እዚያ ላይ ማንም አልወደቀም።

ጁን 3፣ ቅዳሜ

ቤተ ክርስቲያን ሄጄ እንደገና ልምል ነው አልኩ። ቄሱን እያገዘች ካርድ የምትጽፈው ሴትዮ ያለፈው መሐላህ መቼ ተፈጸመ አለችኝ። አይ፣ ሌላ ልምል ነው አልኳት። ቀና ሳትል «እንደ ሁልጊዜው፣ ፑልኬ ሲቀር?» አለችኝ። መጻፍ ጀምራለች። ፑልኬም ይግባ አልኩ። ያኔ ብዕሯን አስቀምጣ አየችኝ፤ ይኼን ሲል የሰማሁት ጠማቂ የለም አለች። የጀመረችውን ካርድ ቀዳ ጣለችና ሌላ አወጣች።

ጠመቃውን ሴቬሮ ይቀምስልኛል። ለምኜው እሺ አለኝ፣ ብዙም ሳይናገር። እኔ ጣፋጩን ውሃ ብቻ ቀድቼ አስረክባለሁ።

ጁን 8፣ ሐሙስ

ላብ። እጄ ማንኪያ አይዝም። እናቴ ሾርባ ታጎርሰኛለች፣ እንደ ሕፃን። ወደ ፑልኬ ቤት የሚወስደውን መንገድ ላለማየት ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ እተኛለሁ። ስድስተኛ ቀኔ ነው። ለማን ብዬ ነው የምቆጥረው።

ጁን 11፣ እሑድ

ዛሬ ልጄን ለማየት ሄድኩ። በቀን። ሳልጠጣ። ተላጨሁ፣ ነጭ ሸሚዜን ለበስኩ፣ ከዶን ቻኖ ሱቅ የሁመር ከረሜላ ገዝቼ ኪሴ ጨመርኩ። ዶኛ ቶማሳ በሩ ላይ ቀርበው አሸተቱኝ። አላፈርኩም፤ ያሽትቱ ብዬ ቆምኩላቸው። ከዚያ ለኖኤሚ ደጅ ላይ ተጫወቱ ብለው ወንበር አወጡልኝ፣ ለእንግዳ የሚወጣውን። እሳቸው ገብተው በሩን ገርበብ አደረጉት።

ኖኤሚ መጀመሪያ አፈረች። ከዚያ ሥዕሏን አሳየችኝ፣ አውሮፕላን፣ ከሆዱ ውስጥ እናቷ በመስኮት የምታይ። ጣሪያው ላይ ሦስት አዲስ ቆርቆሮ ገብቷል፤ ማን እንደሠራው አልጠየቅሁም። ሳል ይዞሽ ያውቃል ወይ አልኳት። ዘንድሮ ምንም አለች። ጥሩ ከሰዓት ነበር። ከብዙ ጊዜ በኋላ ጥሩ ከሰዓት ነበር፣ እግዚአብሔር ያውቃል።

አንድ ሸክላ ነጋዴ እንስራና ድስት በአህያ ጭኖ መጣ። የዚህ አገር ሰው አይደለም። ሰላም ብሎን ወደ ልጅቱ ጎንበስ አለ።

«እናትሽ ወይ አባትሽ አሉ፣ የኔ ቆንጆ?»

ኖኤሚ ዞር ብላ አየችኝ። ከዚያ ወደ ሰውየው ተመልሳ፣ እጇን ኋላዋ አጣምራ ቀጥ ብላ ቆመች።

«እናቴ ካናዳ ናት። አባቴ ጥሎን ሄደ» አለች፤ መጨረሻዋ ላይ አንገቷን ትንሽ ደፋ አድርጋ።

ሰውየው ከንፈሩን መጠጠ። ልጅቱ አታሳዝንም ወይ አለኝ። ታሳዝናለች አልኩት። አህያውን እየነዳ ወደ ታች ወረደ።

ኖኤሚ ወደ እኔ መጥታ መዳፏን ዘረጋች። እንዳሳመረችው ታውቃለች፣ ዓይኗ ይስቃል። ከኪሴ ከረሜላውን አውጥቼ ሰጠኋት።